የአያቴ ንቅሳት የት ሄደ? ስለ ካሜራ፣ ስለ ሌንስና ስለ ኤዲቲንግ (ደሴና ዙሪያዋ)

ቦርከና ዳር (ደሴ)፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ሥራዬ ማስተማር ነው። ፎቶ ማንሳት እንጀራዬ አይደለም፣ ፍቅሬ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ካሜራ አንግቼ ነው የምዞረው። ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ስለምጽፍ ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት ሐይቅ ሄጄ አያቴን አነሳኋት። ቡና እያፈላች ነበር። ረከቦቱ ከበሩ አጠገብ ስለነበር ብርሃኑ ከአንድ ወገን ለስለስ ብሎ ገብቶ ፊቷ ላይ አርፏል። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ የአንገቷ ንቅሳት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጆች ሆነን እቅፏ ውስጥ ተኝተን የንቅሳቷን መስመር በጣታችን እየቆጠርን ነበር እንቅልፍ የሚወስደን። ፎቶውን በፍሬም ልሰጣት ብዬ ከተማ ውስጥ ላለ ፎቶ ቤት ሰጠሁ። ስቀበል ፊቷ ዱቄት የተነፋበት መስሏል፣ የዓይኗ ዳር መስመሮች የሉም፣ አንገቷ ልሙጥ ነው። «አሳምረንልሃል» አሉኝ፤ በቅንነት ነው ያሉኝ። አያቴ ፍሬሙን ይዛ ብዙ አየችና «ይቺ የማን እናት ናት?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ካሜራም ስለ ሶፍትዌርም ያለኝ ጥያቄ አንድ ሆነ፦ የሰው ፊት በገዛ ቀለሙ የሚወጣው እንዴት ነው? ቋንቋችን ለፊት ቀለም ስንት ስም አለው! ጠይም እንላለን፣ ቀይ እንላለን፣ ቀይ ዳማ እንላለን፣ ጥቁር እንላለን። ፎቶ ቤት ገብቶ ሲወጣ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል።

መጀመሪያ ዕቃውን ልናገር። ካሜራዬ ካኖን 600ዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 18 ሜጋፒክስል፣ ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት። ያየኝ ሁሉ «ቀይረው» ይለኛል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ግን 44 በ29 ሴንቲሜትር የሚሆን ጥርት ያለ ፎቶ ይሰጠኛል። የአያቴ ግድግዳ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ገንዘብ ያወጣሁት ሌንስ ላይ ነው፦ 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 (የኤፍ ቁጥር የሌንሱን ቀዳዳ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። አብሮ የሚመጣው 18-55 ሲጎተት ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል፤ 50ው በኤፍ 1.8 ሲከፈት ከዚያ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ጎጆ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ይህ ማለት ፍላሽ መተው ማለት ነው። ያለ ፍላሽ ደግሞ ፊት ፊት ይመስላል። ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ሰሌዳ) ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 ሚሊ ያያል፤ ለፊት ሸጋ ነው፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ግን ጀርባህ ግድግዳ እስኪነካ ያስኬድሃል።

ሁለተኛው የብርሃን ልኬቱ ነው፤ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ይመስለኛል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። እኛ ደግሞ ጠይም ፊት በነጭ ነጠላ ከበን እንሰጠዋለን። ነጩ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ ፊቱ ይጨልማል። ከዚያ ኤዲተሩ የጨለመውን ፊት በግድ ይጎትተዋል፣ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ አሸዋውን ለመሸፈን ያለሰልሰዋል፣ ለማለስለስ ያነጣዋል። ንቅሳቱ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው። እኔ አሁን ስፖት ሜተሪንግ (አንዲት ነጥብ ብቻ መለካት) አድርጌ ፊቱን እለካና ከዚያ ላይ ከአንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ ከመቀነስ) ትንሽ ያነሰ እቀንሳለሁ፤ ጥቁር ፊት በመካከለኛ ግራጫ ልክ ከወጣ ከራሱ በላይ ይነጣልና። ከዚያ ነጠላውን አያለሁ። ጥለቱና የሸማው ክር ከታየ ተሳክቷል።

ሦስተኛ፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ነው የማነሳው። የ600ዲ ሮው 14 ቢት ነው፤ ለአንድ ቀለም 16,384 ደረጃ አለው። ጄፔግ 256 ብቻ ነው። ነጠላውን ለመመለስ ሲሞከር ልዩነቱ ይታያል። አንዱ ፋይል ወደ 24 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ካርድ ይበላል፣ ይብላ።

ኤዲት የማደርግበት ሶፍትዌር ዳርክቴብል ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ከወረደ በኋላ ኔት ቢጠፋም ይሠራል። ላይትሩም የሚባለውን ሌላውን ሶፍትዌር አልጠላም፤ የተማርኩት በእሱ ነው፣ የማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ የመሥራት) አሠራሩም ይጣፍጣል። ግን በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል አለብህ፤ ለአብዛኞቻችን በሩ እዚያ ላይ ይዘጋል። ክራክ የተደረገውን (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረውን) ከአንድ ሰው ቀድቼ ጭኜ ነበር። ቫይረስ ይዞ መጥቶ የሁለት ዓመት የመውሊድ ፎቶዬን ከላፕቶፔ በላብኝ። ጀማ ንጉስ ላይ መንዙማ ሲያወርዱ ያነሳኋቸው ሽማግሌዎች ነበሩበት፤ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። እባካችሁ ክራክ አትጫኑ፣ ፎቶም በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ።

እናንተስ? በተለይ ፊትን እንዴት ነው የምታወጡት?

---

ኮምቦልቻ 24፦

አብሽር ወንድሜ፣ ያያትህን ነገር ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔ ኒኮን ዲ3200 ነው ያለኝ። 50 ሚሊ ለመግዛት ለምታስቡ ኒኮኖች አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ባለማወቅ ገንዘቤን አጥፍቻለሁ። ስሙ መጨረሻ ላይ «ዲ» ያለውን አሮጌውን 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 ርካሽ ነው ብዬ ገዛሁ። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ካሜራው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ስለዚህ በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርግም። ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበትን ግዙ። ሻጩ «ይሠራል» ካለ እዚያው ገጥማችሁ ሞክሩ።

ሌላው፣ ጠዋት ጦሳ ላይ ወጥቼ በብርድ ሳነሳ አረፍድና ቡና የሚፈላበት ቤት እገባለሁ፤ ሌንሱ ወዲያው ጉም ይለብሳል። ያገሬ ልጅ ሁሉ በሸሚዙ ይወለውለዋል። አትንኩት። ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ጨምራችሁ እሰሩት፤ ጉሙ ፌስታሉ ላይ ይቀራል፣ ካሜራው ሲሞቅ ታወጡታላችሁ። አቦል እስኪደርስ ይበቃዋል።

---

ሙሽራ አንሺ (ወልድያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከዚህ ሥራ ልጆች አሳድጋለሁ፤ ስለዚህ ከሌላው ወገን ሆኜ ልናገር። ፎቶ ቤቶችን ብቻ አትውቀሱ። ሙሽራዋ ራሷ መጥታ «ቀላ አድርገኝ» ትለኛለች። እንዳነሳኋት ከሰጠኋት «አጠቆረኝ» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች፤ በሚቀጥለው ሰርግ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው። ሰርግ ደግሞ አይደገምም፣ ደንበኛም እንዲሁ። ወንድማችን ለአያቱ ያነሳውን በትዕግሥት ሊሠራው ይችላል። እኔ በአንድ ቅዳሜ 1,500 ፎቶ ይዤ ነው የምገባው። አንድ አዝራር ተጭኜ ሁሉንም ካላለሰለስኩ እንዴት አደርሳለሁ?

---

ቦርከና ዳር፦

ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ ስላልኸኝም አመሰግናለሁ። በደንበኛህ ቦታ ሆኜ አስቤ አላውቅም ነበር።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሙሽራዋ «ቀላ አድርገኝ» ስትል የምትፈልገው መንጣት ነው ወይስ መብራት? እኔ ሁለቱ ይለያሉ እላለሁ። ፊትን ማብራት ማለት ቀለሙን ሳይነኩ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ነው፤ ጠይሟ ጠይም ሆና ታበራለች። ማንጣት ግን ቀለሙን ማጠብ ነው። ቡናማው ሲታጠብ የሚቀረው አመድ ነው፤ ለዚህ ነው በዚያ አዝራር የተሠሩት ፊቶች አመዳም የሚሆኑት። ብዙ ሰው «አጠቆርከኝ» የሚለው ፎቶው ከመጀመሪያው ጨልሞ ስለተነሳ ይመስለኛል። ቬሎውም እንደ ነጠላው ካሜራውን ያታልለዋል።

በዳርክቴብል የማደርገው ይኸው ነው። መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) ፊቱ ልክ እስኪሆን አነሳለሁ፤ ነጠላው ቢቃጠልም ለጊዜው አልጨነቅም። ከዚያ ፊልሚክ በሚባለው ሞጁል ነጩን እመልሳለሁ። ፊቱ ላይ ማስክ አድርጌ ሌላ ኤክስፖዠር እከፍትና 0.3 ስቶፕ ብቻ እጨምራለሁ። ቀለሙን አልነካም። ብጉርና ቁስል፣ ነገ የሚጠፋ ነገር ከሆነ አጠፋለሁ፤ ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ ማድያት ሳልጠይቅ አልነካም። ለ1,500 ፎቶህ ደግሞ አንዱን ሠርተህ ስታበቃ ቅንብሩን ኮፒ አድርገህ በዚያው ብርሃን የተነሱት ላይ ሁሉ መለጠፍ ትችላለህ። ዋናው ፋይል አይነካም፤ የሠራኸው ሁሉ ኤክስኤምፒ በሚባል ትንሽ ፋይል ጎን ላይ ይቀመጣል። ላፕቶፕህ 4 ጊጋ ራም ካለው ያዘግማል እንጂ ይሠራል፤ 8 ቢሆን ግን ትገላገላለህ።

---

የባቲ ልጅ፦

እኔ ካሜራ የለኝም፤ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ጨዋታችሁ ደስ ስላለኝ ነው የገባሁት። ሰኞ ሰኞ ገበያችን ሲቆም አነሳለሁ፤ ግመሉን፣ ሽርጥ የለበሱትን አፋሮች፣ ቅቤና ጨው የሚሸጡትን እናቶች። ግን ሁሉም ፊት የተቀባ ይመስላል። እኔ ኤዲት አላደረግሁትም! ወንድሜ፣ ስልኩ ራሱ ነው እንዴ የሚያነጣው?

---

ቦርከና ዳር፦

እህቴ፣ አዎ፣ ስልኩ ነው። ብዙ ስልኮች «ቢዩቲ» የሚባል ነገር ከፋብሪካ ጀምሮ በርቶባቸው ይመጣሉ። ካሜራውን ክፈቺና ወደ ዜሮ አውርጂው፤ የፊት ካሜራውንም የኋላውንም ለየብቻ እዪ። ከዚያ ፊቱን በጣትሽ ነክተሽ ተጭነሽ ያዢ፤ ልኬቱ እዚያ ይቆለፋል። ጎኑ ላይ የምትወጣውን ፀሐይ ወደ ታች ትንሽ ጎተት አድርጊያት። «ፕሮ» የሚል ካለሽና በሮው ማስቀመጥ የሚችል ከሆነ ስናፕሲድ ፋይሉን ይከፍትልሻል፤ እሱም ነጻ ነው። ሌላው የባቲ ፀሐይ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ያደርጋል። እናቶቹን በዳሱ ጥላ ውስጥ፣ ፊታቸው ወደ ውጭ ሆኖ አንሺያቸው። አስፈቅደሽ መሆኑን አልጠራጠርም።

---

ኮምቦልቻ 24፦

በዚህ ነገር አምራቾቹም ዘግይተው ነው የነቁት። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ፒክስል 6ን ሲያወጣ «ሪል ቶን» ብሎ የጠቆረ ቆዳ በትክክል እንዲወጣ ካሜራውን አስተካክያለሁ ያለው። ከዚያ በፊት የነበሩት ስልኮች ማንን እያዩ እንደተሠሩ አስቡት።

ባቲ ለምትሄዱ ባለ ካሜራዎች ደግሞ፦ ገበያው መሀል ሌንስ አትቀይሩ። ግመል ያስነሳው አቧራ ሴንሰር ላይ ከገባ ሰማዩ ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናል። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ያንን ነጠብጣብ አንድ በአንድ ስፍቅ ኖሬያለሁ።

---

አሮጌው ዜኒት (ደሴ)፦

ልጆቼ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። የልጅ ልጄ ነው አንብቦ ያሳየኝ፤ እኔ እየነገርኩት እሱ ይጽፋል።

በደርግ ጊዜ ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። ካሜራዬ የሶቪየት ዜኒት ነበር። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከተጫንክ አክስረኸዋል፣ ስለዚህ ከመጫንህ በፊት ታያለህ። ጥቁርና ነጩን እኛው ራሳችን ጨለማ ክፍል ውስጥ እናጥብ ነበር። ፊትን ማንጣት የዛሬ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ያኔም ይጠየቅ ነበር። ኔጌቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ እንሞላለን፤ እርሳስ የነካው ሲታተም ይነጣል። የፊት መስመር በዚያ እናሳሳ ነበር። እናሳሳ እንጂ አናጠፋም፤ የሰውየው እናት አይታ ልጇን ካላወቀችው ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ጌታዬ እንዲያ ነበር ያስተማሩኝ።

የቀለም ፊልም ሲመጣ ሌላ ችግር መጣ። ነጠላው ያምራል፣ ፊቱ ግን እንደ ከሰል ይጠቁራል። በኋላ ነው ምክንያቱን የሰማሁት። ኮዳክ ፎቶ የሚያትሙ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ ካርድ» የሚባል ነገር ይልክ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ፊት ካማረ ማሽኑ ደህና ነው ይባላል። ፊልሙ ቡናማን ደህና አድርጎ ማውጣት የጀመረው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «የዕቃችን ቀለም አልወጣም» ብለው ካማረሩ በኋላ ነው ይባላል። ለቸኮሌቱ ሲሉ ነው ለኛ የደረሰን።

ዜኒቱ አሁንም አለ፤ ሻተሩ ተጣብቋል። ሌንሱ ግን እንደ መስታወት ነው፤ ሄሊዮስ 44-2 ይላል። ለናንተ ካሜራ ይሆናል?

---

ቦርከና ዳር፦

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ይሆናል እንጂ! ሄሊዮስ 44-2 58 ሚሊ ኤፍ 2 ነው። ኤም 42 የሚባል ጠመዝማዛ ጥርስ አለው፤ ቀለበት የምታህል አዳፕተር ካኖን ላይ ታስገጥመዋለች። ካሜራው ሌንሱን ስለማያውቀው አፐርቸሩን (የኤፍ ቁጥሩን) 00 ብሎ ያሳያል፤ ይሠራል ግን። ፎከሱም አፐርቸሩም በእጅ ነው። ለኒኮኖች ያው አዳፕተር ውስጡ መስታወት ከሌለው ሩቁን ፎከስ አያደርግም። ከፈቀዱልኝ ቤትዎ ድረስ መጥቼ፣ እርስዎን ራስዎን በራስዎ ሌንስ ላነሳዎት እወዳለሁ።

---

የላስታ ልጅ፦

ገና ላይ ላሊበላ ለምትመጡ አንድ ቃል። ሌሊቱን ሁሉ ጧፍ ነው ብርሃኑ። የጧፍ ብርሃን 1,900 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ የቀን ብርሃን 5,500 ነው (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ቢጫ ይሆናል)። ካሜራው በአውቶ ሲተው አንዴ ብርቱካን ያደርገዋል፣ አንዴ ያቀዘቅዘዋል። ብዙ ሰው ቤቱ ገብቶ ነጠላውን ወረቀት እስኪመስል ያነጣዋል። ተዉት! ጧፍ የያዘች እናት ፊቷ ወርቅማ ነው መሆን ያለበት፤ እኔ ከቢጫው ግማሹን ብቻ ነው የምቀንሰው። 50 ሚሊ በኤፍ 2፣ ሻተር 1/60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200። አሸዋ ይኖረዋል፤ ሲታተም ብዙም አይታይም። ፍላሽ ግን አደራ። ሰው እየጸለየ ነው።

ጠዋት ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ድንጋዩ ቀላ ያለ ስለሆነ ፀሐይ ስታርፍበት ቅላቱ ነጠላው ላይና ፊቱ ላይ ይንጸባረቃል። እሱ የቀለም ስህተት አይደለም፣ ቦታው ነው። በኤዲቲንግ ካጠፋችሁት ፎቶው የትም የተነሳ ይሆናል።

---

ኮምቦልቻ 24፦

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ስክሪን ላይ ያማረው ሲታተም ለምን ይጨልማል? ሁልጊዜ ነው።

---

ሙሽራ አንሺ (ወልድያ)፦

ይሄን እኔ ልመልስ። ላፕቶፕህን በሙሉ ብርሃን አድርገህ ነው የምትሠራው። ስክሪኑ ያበራል፣ ወረቀት አያበራም። ብርሃኑን ወደ ግማሽ አውርደህ ሥራ። ርካሽ ላፕቶፕ ደግሞ ከላይ ስታየው ሌላ፣ ከታች ስታየው ሌላ ቀለም ነው የሚያሳይህ፤ ፊት ለፊቱ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። ፋይሉን ከሶፍትዌሩ ስታወጣው ኤስአርጂቢ (የተለመደው የቀለም ዓይነት) አድርግ፤ ሌላ የቀለም ዓይነት ከሰጠሃቸው ፊቱ ይደበዝዛል። ትልቁን ከማሳተምህ በፊት በትንሽ መጠን አንድ አሳትመህ ደጅ ወጥተህ እያት። ማተሚያ ቤቱንም «ምንም አትንኩ» በላቸው። እኔ እላለሁ። እኔንም የሚሉኝ አሉ፤ ሲሉኝ አልነካም።

---

ቦርከና ዳር፦

የመጨረሻዋን ነገር ያኔ ባውቃት ኖሮ። አሁን ፋይሉ ስም ላይ ራሱ «አይነካ» ብዬ ነው የምጽፈው። የአያቴንም ከሮው ፋይሉ አዲስ ሠርቼ እንደገና አሳተምኩ። ንቅሳቷ አለ።

---

ሙሽራ አንሺ (ወልድያ)፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ያልከኝን ሞከርኩ። ባለፈው እሁድ አንዲት ጠይም ሙሽራ ነበረችኝ። ፊቷን ለክቼ አነሳሁ፣ ከዚያ አንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ ሠራሁት፦ አንዱን በድሮው አዝራር፣ ሌላውን አንተ እንዳልከው አብርቼ ቀለሙን ሳልነካ። ሁለቱንም አሳትሜ ምንም ሳልናገር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሙሽራዋ የነጣውን አነሳች። እናቷ ደግሞ ሌላውን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው፣ አልለቅም አለች። ሁለቱንም ሸጥኩ። አልበሙን ግን የትኛውን ላድርግ ብዬ ስጠይቅ እናትና ልጅ ብዙ ተነጋገሩ፤ ገና አልወሰኑም፣ ነገ ይደውሉልኛል።

ለመሆኑ ያ ፊልሚክ የምትለው ላይ ቬሎው አሁንም ትንሽ ይቃጠልብኛል። ምን ልቀይር?

---

ቦርከና ዳር፦

ነጩን የሚወስነውን፣ «ኋይት» የሚለውን ቁጥር የቬሎው ጥልፍ እስኪታይ ቀስ እያልክ ጨምረው። ካልበቃ ቶን ኢኳላይዘር ክፈትና ደማቁን ክፍል ብቻ አውርድ፤ ፊቱ ላይ አይደርስም። አሁንም እምቢ ካለህ ሮውን ላክልኝ፣ ማታ አብረን እናየዋለን።